የመምህርት ሮማን «ኖ»

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ እማራለሁ ብሎ ሮማን ወልደአማኑኤልን የማያውቅ ጥቂት ነው። ቀን ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ለሆቴል አስተናጋጆችና ለአስጎብኚዎች ኮርስ ትሰጣለች። ጆሮዋን ስሕተት አያልፈውም። «አይ አም አግሪ» ያለ ተማሪ ካለ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ «አግሪ ራሱ ግሥ ነው፤ ‘አም’ን ምን አመጣው?» ትለዋለች። የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ እንኳ የጎደለች ‘ኤስ’ ፊደል ካየች እስክሪብቶ ታወጣለች። ባሏ ፊልሞን፣ «የሰው ሠርግም ልታርሚ ነው?» እያለ ይስቅባታል።

ተወልዳ ያደገችው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ ነው። ቤት ውስጥ ሲዳምኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ እያለች ሦስቱንም እንደ እህትማማች ይዛ አደገች። አባቷ አቶ ወልደአማኑኤል ፊደል ባይቆጥሩም፣ ጭቃ ሲሆን በብስክሌታቸው ኋላ ጭነው ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር።

ባለፈው ክረምት እኚሁ አባቷ ሣር ሲያጭዱ ማጭድ እግራቸውን ቆረጣቸው። ይድናል ብለው ዝም ሲሉ ቁስሉ አመረቀዘ፤ እግራቸው አብጦ ትኩሳት ያዛቸው። ሮማን በሰማች ጊዜ ባጃጅ ይዛ በረረች። ያን ሰሞን ከውጭ የመጡ ሐኪሞች በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነጻ ያክሙ ስለነበር አባቷን ወደዚያ ወሰደቻቸው። አስተርጓሚዎቹ በሰው ተከበው ነበር። «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» አለች።

ሐኪሟ ጠጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ናት። ቁስሉ መቼ እንደደረሰ፣ ምን እንደተቀባ ጠየቀች፤ ሮማን አንዲት ቃል ሳትስት መለሰች። ሐኪሟም፣ «እንግሊዝኛሽ ግሩም ነው» አለቻት። ሮማን በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ደስ አላት።

ከዚያ ሐኪሟ እየጻፈች በእንግሊዝኛ፣ «ለፔኒሲሊን አለርጂ የለባቸውም?» ብላ ጠየቀች።

ሮማን ልጅ ሳለች አባቷ ፔኒሲሊን ተወግተው አንገታቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው ተቆርጦ፣ ለጥቂት እንደተረፉ አይታለች። ስለዚህ ፈጥና «ኖ» አለች። «አይ፣ አለባቸው» ማለቷ ነበር። የቀረውን ልትቀጥል ስትል አባቷ አቃሰቱ፤ ወደ እሳቸው ዞራ እግራቸውን ስታመቻች ሐሳቧ እዚያው ቀረ። ሐኪሟ አመስግና ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈች።

ጥቂት ቆይቶ ሔኖክ የሚባል ነርስ መርፌ ይዞ መጣ።

«ምን ልትወጋኝ ነው ልጄ?» አሉት ሽማግሌው።

«ፔኒሲሊን ነው አባባ። መጀመሪያ ቆዳዎ ላይ ትንሽ እንሞክራለን።»

አቶ ወልደአማኑኤል ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «እሱ እኮ አንዴ ሊገድለኝ ነበር» አሉ ረጋ ብለው።

ሮማን የሔኖክን እጅ ለቀም አድርጋ ያዘች። ሐኪሟ ተጠርታ መጣች።

«ነግሬሽ ነበር እኮ!» አለቻት ሮማን በእንግሊዝኛ።

«‘ኖ’ አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ‘ኖ’ ነው ያልኩሽ።»

ሁለቱ ሴቶች ተፋጠጡ። ከዚያ የሮማን ፊት አመድ መሰለ። በአማርኛ «የለባቸውም?» ለሚል ሰው «አይ» ሲሉት፣ ተሳስተሃል፣ አለባቸው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኖ» ካሉ የለባቸውም ማለት ነው። ይህን ሕግ ታውቀዋለች፤ መጽሐፍ ላይ አንብባዋለች። አፏ ግን የቃሉን ልብስ ቀይሮ የተናገረው አማርኛ ነበር።

አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። ሐኪሟ ሌላ ነገር ስትጠይቃት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ አልወጣ አለች። ለእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሔኖክ አስተረጎመላት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት አባቷ።

«ልገድልዎት ነበር፣ አባዬ።»

«በምን?»

«በእንግሊዝኛ።»

ሽማግሌው ነገሩ አልገባቸውም። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና፣ «ይኸው አለሁ አይደል» አሏት።

ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ደረቀ። ሮማን ግን ቶሎ ወደ ራሷ አልተመለሰችም። ሳህን ስታጥብ፣ መንገድ ስትሻገር፣ ያ መርፌ ይመጣባትና ክው ትላለች።

ወደ ኮርሱ ስትመለስ መጽሐፉን አልከፈተችም። በእንግሊዝኛ፣ «ዛሬ ምሳ አልበላችሁም?» ብላ ጠየቀች። ያልበሉት «የስ» አሉ፤ የበሉት «ኖ» አሉ። ያልተሳሳተ አንድም ሰው አልነበረም። ሮማን ስንት ዘመን ‘ኤስ’ ስትለቅም ይህን አንዴም ሰምታው አታውቅም።

በአባቷ ላይ የደረሰውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ‘የስ’ ወይም ‘ኖ’ ብሎ ማቆም የለም» አለች። «ያልበላችሁ ‘ኖ፣ አይ ሃቭንት’ በሉ። የበላችሁ ‘የስ፣ አይ ሃቭ’ በሉ። ዐረፍተ ነገሩን ጨርሱ።»

ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት የምትሠራ ሃሴት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አንድ እንግዳ አለርጂ አለብኝ ብሎ በእንግሊዝኛ ‘ይሄ ኦቾሎኒ የለውም?’ ሲለኝ ‘ኖ’ ብዬዋለሁ።»

«ነበረው?»

«ነበረው። ሽታው አላማረኝም ብሎ ራሱ መለሰው እንጂ...»

ሮማን ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ ሃሴት አጠገብ ተቀመጠችና፣ «በይ የእንግዳውን ጥያቄ አንቺ ጠይቂኝ» አለቻት። ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ እየተጠያየቁ አመሹ።