ከአላሙራ ጀርባ በእግር

መኪና የማያውቀውን የእግር መንገድ በማግኘት ሀዋሳ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፤ ጉራ ካላችሁት ጉራ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። የባጃጅ ሹፌር አይጠየቅም፤ እሱ የሚያውቀው ባጃጅ የሚገባበትን ብቻ ነው። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ወርጄ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ሸክም የያዘ ሰው ጭቃና ገደል አይመርጥም።

ይህን ችሎታዬን ለአባቴ ልጠቀምበት ቆረጥኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ አልነሳ ብለው ነበር። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙም «ካልተራመዱ እግርዎን ያጣሉ» ብሏቸዋል። ሐይቁ ዳር እንዳልወስዳቸው፣ ግማሹ ከተማ ያስተማሩት ነው፤ በየእርምጃው እያስቆመ «እግዚአብሔር ያጥናዎ ጋሼ» ይላቸዋል። በእናቴ ቀብር እንባ ጠብ ያላላቸው ሰው ይህን መስማት አልቻሉም። እኔም ማንም የማያውቃቸው ቦታ ፈለግሁ።

አንድ ቅዳሜ ለምኜም ተቆጥቼም ከአላሙራ ተራራ ጀርባ ወሰድኳቸው። ለስላሳ አፈር፣ ግራና ቀኙ እንሰት፣ አንድም የመኪና ጥሩምባ የለ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበዋል፤ እኔ ፀሐዩን ፈርቼ ነጠላ ተከናንቤያለሁ። በራሴ ኮራሁ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ እዚያ አካባቢ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ልጁን አስከትሎ እንዲያው በከንቱ አይራመድም። እንሰት የምትፍቅ ሴት ቀና አለችና ሳንጠይቃት «በዚህ ነው፣ ቅርብ ነው» ብላ በእጇ አሳየችን። ቀጥሎ ያገኘነው ሰውዬ «ኑ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ» ብሎ ከፊታችን ቀደመ። ወዴት ሳልል ተከተልኩት፤ የአገሬው ሰው መርቶኝ ተሳስቼ አላውቅማ።

የደረስነው ለቅሶ ቤት ነበር። ሚስታቸው የሞተችባቸው አዛውንት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሰውም ተነስቶ ቦታ ለቀቀልን። ከድጡ ወደ ማጡ! ለቅሶ ደጅ ደርሶ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

አባቴ ግን ገብተው ከአዛውንቱ ጎን ተቀመጡ። ወደ እሳቸው ዘንበል ብለው «ብዙ ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዕድሜዬን ሙሉ» አሉ አዛውንቱ።

«እኔም» አሉ አባቴ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ያን ያህል እንባ የት አስቀምጠውት እንደነበር እንጃ። አጠገቤ የነበረች ሴት «ዘመዳችን ናቸው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው የውጭው በር ላይ ቆመዋል። ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም» አሉኝ። «እኔና አንቺ ግን አለን። እንሂድ።»