የነርሷ ግመል ነጂ

ጨዋታውን የጀመርነው መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መቐለ ውስጥ በተቀመጥንበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የለም፣ ስልክ የለም፣ መብራት ከመጣ ሰው ይደነግጣል። አብሮኝ የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር የጨዋታውን ሕግ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያሉ ያስኬዱታል። የሚሳካና የማይሳካውን የሚለየው ቁጥር የተጻፈበት፣ የሚወረወር ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። እሱን ከየት እናመጣለን? ሃያ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን በጨርቅ ከረጢት ከተትንና አንድ አንድ እየመዘዝን እናወጣ ጀመር።

ጦርነቱ ከቆመ በኋላም አልተውነውም። እሑድ ከሰዓት ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት የፎቶኮፒ ሱቅ ጓሮ እንገናኛለን፤ የሱቋ ባለቤት ሦስተኛዋ ተጫዋች ነበረች። እነሱ በትግርኛ ይጀምሩና ለእኔ ለደሴው ሰው ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። እንዲተዉት ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

እኔ በምከራይበት ግቢ አንዲት ነርስ ነበረች። ዕረፍት ባላት ቀን ነጭ ጋውኗን አጥባ ታሰጣና እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሌላ ነገር ስታደርግ አላየኋትም። አንድ እሑድ «ነይ፣ ከእኛ ጋር ተጫወቺ» አልኳት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ነጠላዋን ደርባ ተከተለችኝ።

ሱቁ ስንደርስ የሒሳብ መምህሩ አራት ወረቀት ዘረጋላት፤ ተዋጊ፣ አዳኝ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ። ተዋጊውን ከጦርነቱ ወዲህ ማናችንም ነክተነው አናውቅም። እሷ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ እኔ ቸኮልኩ።

«ፈዋሹን ውሰጂ» አልኳት። «ነርስ አይደለሽ? አይከብድሽም። እኛም ፈዋሽ የለንም።»

«ሕራይ፣ እሺ» አለች።

ታሪኩ አንድ ተራራ ላይ ያለ መንደር አደረሰን። ሰው ታሟል። ነርሷ ከረጢት ውስጥ እጇን እየከተተች ቁጥር ታወጣለች፤ ሁለት ሰው አዳነች። የሒሳብ መምህሩ ያለ ክፋት፣ ጨዋታው እንዲጣፍጥ ብሎ፣ «አሁን መድኃኒትሽ አንድ ቀርቷል፤ በሽተኛ ግን ሁለት ነው። ለማን ትሰጫለሽ?» አላት።

እጇ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብላ አወጣችው። «ይቅርታ፣ ልሂድ» ብላ ተነሣች።

ተከትዬያት ወጣሁ። እስከ ግቢያችን ድረስ አብረን ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ቀርቶን ሁለት ሰው የተኛበት ቀን ነበር» አለችኝ። «ለማን እንደምሰጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙም የለም፤ የወሰንኩት እኔው ነኝ። ለጨዋታም ያንኑ ትሰጡኛላችሁ?»

ለማን እንደሰጠች አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። «አጠፋሁ» አልኳት፤ አንገቷን ነቅንቃ ገባች።

ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ ወረቀት እየዘረጋን የሚመስለውን እናስይዘዋለን፤ ምን እንደሰለቸው ግን አንጠይቀውም። ቅዳሜ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ጠብቄ፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ «ማን መሆን ደስ ይልሻል?» አልኳት።

ጋውኗን ገመዱ ላይ ዘረጋች። «ምንም የማይጠበቅበት ሰው» አለች።

«እንዴት ያለ?»

«አጎቴ ከዐፋር ጨው ያመጣ ነበር፤ በግመል። ስስታም ነበረ። ውሃ እንኳ ለሰው አይሰጥም። ለምን ስንለው ‹ለግመሌ ነው› ይለናል።» ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «ግመል ይፈቀዳል?» አለች።

«ይፈቀዳል» አልኳት። ሕጉ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ግመል ነጂ ሆና ተቀመጠች። የሱቋ ባለቤት የሌባዋን ገጸ ባሕርይ ይዛ ነበር፤ በረሃው መሐል ውሃ አለቀባትና ነርሷን ለመነቻት። ነርሷ ቀና ብላ አየቻትና «የለኝም» አለች። ወረቀቷ ላይ አራት አቁማዳ ውሃ እንዳለ ሁላችንም እናያለን። «ያውና አይደለም?» ስትላት «እሱ ለግመሌ ነው» አለቻት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። በአንድ ግቢ ዓመት ስንኖር ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ደግ እንድትሆን የተጫናት አልነበረም። ሦስት ወር ያህል እንደዚያ ከለከለች፣ ዋሸች፣ ጥላን ሄደች። አንድ ጊዜ እኔን ገደል አፋፍ ላይ ትታኝ ግመሏን ይዛ ሄደች፤ ሲመሽ ወደ ቤት ስንመለስ «ተቀየምከኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኩም። ሰኞ ጠዋት ግን ጋውኗን ለብሳ ስትወጣ ፊቷ ያው የድሮው ነበር። ጨዋታው እሑድን ነው ያቀለለላት እንጂ ሌላውን ቀን አልነካውም።

ክረምት ሲገባ የሒሳብ መምህሩ ሳይሰናበተን ከተማውን ለቀቀ። በየት በኩል እንደተሰደደ የሰማነው ከወንድሙ ነው፤ እስካሁን አልደወለም። እኔ ታሪኩን ልመራ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ እሱ በሁለት ቃል የሚያቆመውን መንደር እኔ ግማሽ ሰዓት አወራሁት። ቀጥሎ ነርሷ ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወረች። ፍራሿን ባጃጅ ላይ አብሬ ጫንኩላት።

የሚቀጥለው እሑድ ከሱቋ ባለቤት ጋር ሁለታችን ተቀመጥን። ለሁለት አይጫወቱትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት አወራን፤ ሲያባራ ተነሥቼ ሄድኩ።