የመምህሩ ጥርኝ

እኔ ድሮም አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ያን ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። አባቴ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሩኝ ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ለዚያውም በአንድ ሥዕል የተነሣ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ መቱ። ወጣት ሕንዳዊ መምህር ነበረን። ከአገሩ የተላከለትን የቀን መቁጠሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሥዕሉ ላይ ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ጣል ያለበት አውሬ አለ። ልጆቹ ባንድ አፍ «ጥርኝ ነው» አሉና ዞረው እኔን አዩኝ።

አባቴ ጥርኝ አርቢ ነበሩ። ከጓሯችን ባለች ጎጆ ያስቀምጧቸዋል፤ ለሽቶ የሚፈለገውን ዝባዳቸውን እየወሰዱ በቀንድ ያጠራቅማሉ። የምንበላው ከዚያ ነው። በእኛ አገር ጥርኝን ባዳ አያየውም፤ ካየው ዝባዱ ይነጥፋል ይባላል። የገዛ አጎቴ እንኳ የጎጆዋን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

እንደ ክፉ አጋጣሚ ያን ሰሞን ዝባዱ ቀነሰ። የሥዕሉ ወሬ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ኖሯል።

«ያንን ሰውዬ አስገብተሽ ጥርኜን ፎቶ አስነሣሽብኝ» አሉኝ አባቴ።

«ኧረ አባባ፣ አላስገባሁም። የሥዕሉ እኮ ቀይ ነው» ብል ማን ሊሰማኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት የሚባል የለም።»

ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራ ይዤ እመለሳለሁ። ባልሠራሁት! ሥዕሉን ላምጣልዎ ብላቸው ከቤቴ አይገባም አሉ። «እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ይዩት» ብዬ ስነዘንዛቸው ሰነበትኩ።

ዓርብ ዕለት መጡ። ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት። መምህሩ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ቀይ ፓንዳ ይባላል። የአገሬ ተራራ ላይ ነው ያለው። ጥቁርና ነጭ የሆነው ትልቁ ፓንዳ ዘመዱ ነው ይላሉ። ቀርከሃ ይበላል» አላቸው።

«ቀርከሃ?» አሉ አባቴ። «የእኔ ጥርኝ ሥጋ ካላገኘ ያኮርፋል። እንግዲህ የእኔ አይደለም።»

እፎይ ልል ስል በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ወደ በሩ ዞሩ። ጉዴ ፈላ አልኩ።

«ለካ የሰው ነው። እኔ ባዳው ቆሜ አፈጠጥኩበት። ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ፤ እባክዎ ያውርዱት።»

መምህሩ የዱር መሆኑን ሊነግራቸው አፉን ከፈተና እኔን አይቶ ተወው። የቀን መቁጠሪያውን አውርዶ ጠቀለለው።

«ልጄ ሰኞ ትመጣለች» አሉ አባቴ፣ እንደተሸፈኑ።

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። መንገዱን ሙሉ ግን ከጎናቸው እየሄድኩ ጠበቅኳቸው። እቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ ጎጆዋ ገቡ። ሕንድ አገር አለ የተባለ፣ ጭራሽ ያልተፈጠረ ባለቤት ይቅርታ ተጠየቀ። እኔን ማንም ይቅርታ አላለኝም።