ስንት ዲግሪ ላይ ይቆጣል?

የምሠራው አዳማ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የካባ ድንጋይ የሚፈረካከስባቸውን ፈንጂዎች እየወሰድን ምን ያህል ሙቀት እንደሚችሉ እንፈትናለን። የማሞቀው ከስንዴ ፍሬ ያነሰች ቅንጣት ነው። ይህን ግን ለአገሬ ለአሰላ ሰው ማን ያስረዳው! እንኳን ሰፈሩ፣ አባቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ቦርሳዬን በረንዳ ላይ ያስቀረኛል። «ምን ይታወቃል» ይላል፣ ጉንጬን እየሳመ።

አንድ ቅዳሜ ከኢተያ ሦስት ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ መጡ። እንደ ደንቡ ተቀመጡ ቢባሉም ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። የላካቸውን ልጅ እወደዋለሁ። ሥራዬንም እወደዋለሁ።

አንጋፋው «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው አመጣጣችን» አሉ። «ብቻ፣ የሚፈነዳ ነገር እሳት ላይ ትጥዳለች ይባላል። የልጁ እናት እንቅልፍ አጥታለች። ሥራውን ትተዋለች ካላላችሁን አንቀመጥም።»

ለወትሮው የልጅቷ አባት ቀጠሮ ሰጥቶ ይሸኛል። የእኔው ጉድ ግን «እኔ ስለማላውቀው ሥራ ምን እመልሳለሁ? ራሷን ጠይቋት» ብሎ ጠራኝ። ተጠያቂዋ ልጅ ሽማግሌ ፊት! እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ደሜ ፈልቷል። ወጥቼ ሳያቸው ግን አንጋፋው ቆመው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አሳዘኑኝ።

«አባቴ፣ እርጥብ ገለባ ሲከመር ውስጡ ይግል የለ?» አልኳቸው።

«ኤዬ! ዱጋ ነው፣ እውነትሽን ነው። አምና የእኔው ክምር ማንም ሳይለኩሰው ጨሰ!»

«ቀድመው ቢያውቁ ኖሮስ?»

«በትኜ አናፍሰው ነበራ!»

«የእኔም ሥራ እሱው ነው። ያ ነገር ቆላ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆጣ ቀድሜ እናገራለሁ። የምጥደው እንዳይፈነዳ ነው።»

«እና በምን ታውቂያለሽ? እኔ እጄን ሰድጄ ነበር የማየው፣ ግን ከዳር ከዳሩ ነው...» እያሉ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ክምሩ የት ጋ እንደጨሰ፣ ዝናቡ መቼ እንደመታው፣ ማን እንደደረሰላቸው፣ ሁሉንም አወሩኝ። ስለ ጋብቻ ያነሳ የለም።

አባቴ ሳቁን መቻል አቃተው። «ጋሼ፣ ተቀምጠዋል እኮ!»

አንጋፋው ወንበሩን አዩ፣ ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «እንግዲህ ምን እላለሁ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ተቀምጫለሁ፣ ሥራዋን ትሥራ። እናቱን ለእኔ ተዉልኝ። አንቺ ግን መጥተሽ ክምሬን ታዪልኛለሽ።»

«ከነሥራዋ ሰጥቻችኋለሁ» አለ አባቴ። ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

አባቴ ሊሸኛቸው ወጣ። ሲመለስ ቦርሳዬን ከበረንዳው አንስቶ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባና ከራሱ ወንበር አጠገብ አስቀመጠው።

«ውጭው ብርድ ነው» አለ።