የሻንጣው ሚዛን

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ የሻንጣ ሚዛን ሊዋሱ መጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ፤ ሻንጣቸው ሃያ ሦስት ኪሎ እንዳያልፍ ከአሁኑ ተጨንቀዋል። እማዬ «መሳቢያው ውስጥ ነው፣ አምጣላቸው» አለችኝ። መሳቢያውን ስከፍት ሚዛኑን ከመቀስና ከአሮጌ ቻርጀሮች ሥር ተኝቶ አገኘሁት። መንጠቆው ትንሽ ዝጓል። መያዣው ላይ ግን ሰማያዊው ፕላስተር አሁንም እንደተጠመጠመ ነው፤ በላዩም በወንድሜ በሳሚ እጅ «ለካምፐሩ ብቻ!» ተብሎ ተጽፎበታል። ቁልፉን ስጫነው ጲጵ አለ። እማዬ ከሳሎን «አጣኸው እንዴ?» እስክትል ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ይህን ታሪክ በደንብ መናገር አልችልም። ከየት እንደምጀምረው ራሱ ግራ ይገባኛል። ከሚዛኑ ልጀምር።

በእኛ ቤት ሻንጣ መመዘን ትልቅ ጉዳይ ነበር። ዘመድ ወደ አገር ቤት በሄደ ቁጥር ሳሎኑ በልብስ፣ በጫማና በቫይታሚን ብልቃጥ ይሞላል፤ ሳሚ ሻንጣውን በመንጠቆው አንጠልጥሎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪወጣጠር ይዞ ቁጥሩን ያነብባል፤ እማዬ «እሺ፣ ሞልቷል፣ በቃ» ትላለች፤ እሱ ዞር ሲል ግን ዚፑ ቀስ ብሎ ሲከፈት ይሰማል። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ሁለት ኪሎ አልፎ ሰው ፊት ሲበረበር «ይሄን ደግሞ ማን ከተተው?» ብላ ከሁላችንም በላይ የምትገረመው እሷው ነበረች።

ካምፐሯ የመጣችው እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ነው፤ በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ በሙሉ ተዘግተው ከተማው ጸጥ ባለበት ጊዜ። ሳሚ ካዚኖ ኩሽና ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እማዬ ደግሞ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ቤት ተላኩ። አባባ በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ እኛን ዘግይተው ያስመጡን፣ ለረጅም ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸው ደካማ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከበር እንዳይወጡ ከልክለናቸው ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤቴ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል። ስፕሪንግ ቫሊ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ቤት አራታችን አንዳችን የሌላውን እስትንፋስ እየሰማን እንውላለን። ያኔ እኔ ሁሉን ነገር እፈራ ነበር። የበር እጀታ እፈራለሁ፤ አባባ ስንት ጊዜ እንደሳሉ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ ከትናንቱ ከበለጠ ምግብ አይወርድልኝም። ሳሚ ይህን ሲያይ ከርሞ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን «ዮኒ፣ አንተን ከዚህ ቤት ካላወጣሁህ ታብዳለህ» አለኝ።

ያሰበው መላ ካምፐር ነበር። በፒካፕ መኪና ጀርባ፣ ዕቃ በሚጫንበት ቦታ ላይ የምትገባ ትንሽ ቤት ማለት ናት፤ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ማጠራቀሚያ አላት፤ ከመኪናው ስትወርድ በአራት የብረት እግሮች ትቆማለች። ሳሚ ፒካፕ ነበረችው፣ ያን ያህል ትልቅ ያልሆነች ግራጫ። መጀመሪያ ያየነው ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ አጠገብ፣ አንድ አፓርትመንት ጀርባ ፓርክ ተደርጎ የነበረ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው ትልቅ ካምፐር ነው። ሻወሩን ሳይ ልቤ ቀለጠ። ሳሚ ግን የራሱን መኪና የሹፌር በር ከፈተና ተንበርክኮ እዚያ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አነበበ፤ ሰውም ዕቃም ተደምሮ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ፓውንድ፣ ከስድስት መቶ ሰባ ኪሎ ገደማ፣ እንዳያልፍ ትላለች። ያ ካምፐር ገና ባዶውን ከዚያ ያልፋል። ሻጩ ሽማግሌ ሳቁ።

«ሁሉም ሰው ይጭናል እኮ። ያቺን ወረቀት ማን ያነባታል?»

«እኔ» አለ ሳሚ። «የምጭነው ወንድሜን ነው።»

በመጨረሻ የገዛት ጣራዋ ወደ ላይ የሚነሳ፣ ግድግዳዋ ከወገብ በላይ ሸራ የሆነ፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ፓውንድ ብቻ የምትመዝን ናት። አባባ በመስኮት አዩዋት።

«ሸራ ናት እንዴ?»

«አዎ አባባ፣ እንድትቀል ነው።»

«እኔ ሱዳን ውስጥ ሸራ ሥር ሁለት ዓመት በነፃ ተኝቻለሁ። አንተ ከፍለህ ልትገባ ነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባባ ካምፐሯን «መጠለያ ጣቢያው» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ አንድም ቀን ግን ቀርበው አላዩዋትም፤ ቢያንስ እኛ እንደዚያ ነበር የሚመስለን።

ካምፐር መጫን አንድ ሰው ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። እሷ በእግሮቿ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ሳሚ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ከሥሯ ያስገባል፤ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት ከመዳፍ አይሰፋም፤ እኔ ከጎን ቆሜ «ና… ና… ትንሽ ወደ ግራ… በቃ!» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን «በቃ» ያልኩት ዘግይቼ ነው። መኪናው አንዱን እግር ገጨውና ካምፐሯ ከነጣራዋ ስትወዛወዝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሳሚ ወርዶ የጎበጠውን ብረት በመዶሻ አቃናና ተመልሶ ገባ። «አባባን ልጥራልህ?» ስለው «አንተ በቃ ካላልክ አልቆምም» አለኝ። ካምፐሯ እንዳትንሸራተት መኪናው ጀርባ ላይ የተነጠፈው ጥቁር ጎማ በሰኔ ፀሐይ ሲግል የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ጭንቀት ጋር ነው የሚመጣብኝ።

ሚዛኑ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሳሚ ፕላስተሩን ጠምጥሞ የራሱ አደረገውና ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አንድ በአንድ እያንጠለጠለ መዘነ፤ እኛ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ባለው ሚዛን ላይ ተራ በተራ ወጣን፤ ሁሉንም በካምፐሯ ቁም ሳጥን በር ላይ በውስጥ በኩል በማርከር ጻፈው። ተደምሮ ስድስት ፓውንድ ተረፈን። ሳሚ «ስድስት ፓውንድ ቦታ አለን!» እያለ ሲፎክር እማዬ በሩ ላይ ቆማ በጥሞና ትሰማ ነበር። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብን።

ሐምሌ ላይ ቻርልስተን ተራራ ወጣን። ታች ከተማው እንደ ምድጃ ይነዳል፤ እዚያ ግን ጥዶቹ መሃል ብርዱ ሹራብ አስለበሰን። ሳሚ ጣራዋን ሲያነሳት ሸራው እየተንኮሻኮሸ ተዘረጋ፤ ነፋሱ ሲገፋው ይነፋል፣ ሲለቀው ይተነፍሳል፤ ያን ቀን ከብዙ ወራት በኋላ የማንንም ሳል ሳልቆጥር ዋልኩ። ማንኪያ ስንፈልግ ነው የእማዬ ጉድ የወጣው። ከፍራሹ ሥር ዳቦ ቆሎ፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ብልቃጥ ማርና አንድ ከረጢት ሽሮ፣ ከምድጃው ጀርባ በፎጣ የተጠቀለለ ቋንጣ። ለሁለት ቀን የወጣን ሳይሆን ለሁለት ወር የዘመትን ይመስላል። ሳሚ አንዱን ባወጣ ቁጥር ይስቃል። እኔ እደምራለሁ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ የሚቃጠል ፍሬን ሸተተኝ። ሳሚ ዳር ይዞ ቆመና እስኪበርድ ጠበቅን። «ከክብደቱ አይደለም፣ ዮኒ» አለ። «እኔ ነኝ፤ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ ፍሬን ረግጬ ወረድኩ።» እውነቱን ነበር፤ አሁን ራሴ ስነዳ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን የታየኝ ወረቀቷ ላይ ያለው ቁጥርና በመስኮቴ በኩል ያለው ገደል ብቻ ነበር።

ነሐሴ መጣ። ካዚኖዎቹ ተከፍተዋል፤ ሳሚም በቅርቡ ወደ ሺፍቱ እንደሚጠሩት ያውቃል። «ሥራ ሳልገባ አንድ እሁድ እንውጣ» አለኝ። የክብደቱን ነገር አነሳሁበት። በሳምንቱ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ነፋሱን አነሳሁበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ላፕቶፑ ላይ ነበርኩ። «ክብደቱን አስተካክዬዋለሁ። ና እይ» አለኝ። ቀና ሳልል «አልፈልግም፣ እፈራለሁ» አልኩት። «እሺ፣ የኔ ጌታ» ብሎ ራሴን ዳብሶኝ ወጣ።

መስከረም ላይ ተጠራ። ከሥራ የሚመጣው ነገር አባባን እንዳያገኛቸው ብሎ ካምፐሯን ከመኪናው አውርዶ ደጃችን ላይ አቆማትና እዚያ ያድር ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ደረጃዋ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እርቃለሁ፤ እሱ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ሳህኑን ያስቀመጥኩበት አገኘሁት፣ እንቁላሉ ደርቆ። ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ ስልክ ብቻ። ጥር ላይ ሞተ። አባባ አልታመሙም።

ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

በ2021 ጸደይ ካምፐሯን የሚገዛ ሰው ተገኘ፤ ዕቃውን ማውጣት የኔ ሥራ ሆነ። ጣራዋን ሳነሳ ሸራው እንደዚያው ተንኮሻኮሸ። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። «እኔ 174። ዮኒ 128። ውሃ 83።» እያለ ይወርዳል። «የመሣሪያ ሳጥን 34» የሚለው በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «እማዬ የምትደብቀው 30» ይላል። ከሁሉ በታች «ትርፍ 10» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ና እይ ያለኝ ይህን ነበር። እናቱን ቆጣ ብሎ እንዳትከት ማድረግ ይችል ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ሳጥን አውጥቶ ለእሷ ቦታ ያዘላት፤ ለኔም ፍርሃት አሥር ፓውንድ አተረፈልኝ። የጠየቀኝ አንድ እሁድ ነው። አንድ እሁድ። ለእኔ የተያዘው መቶ ሃያ ስምንት ፓውንድ እንደተጻፈ ቀረ።

እማዬን ጠርቼ አነበብኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት የደበቀችበትን ቦታ ሁሉ በጣቷ ታሳየኝ ጀመር፤ ነሐሴ ላይ ለዚያኛው እሁድ ብላ እንደገና ሞልታው ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ከትቼ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠልኩት። ሠላሳ ሦስት ፓውንድ።

«አይሆንም!» አለች። «እኔ እንደዚያ አላበዛሁም።» ቦርሳውን በረበረችና ከታች አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ የብረት የእጅ ባትሪ አወጣች፤ አባባ ታክሲ ሲነዱ ከመቀመጫቸው ሥር የማይጠፋው። «ይሄን ደግሞ ማን ከተተው?» አለች፤ በዚህ ጊዜ የእውነቷን ነው።

አባባ በሩ ላይ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው «ሸራ ሥር የሚተኛ ሰው መብራት ያስፈልገዋል» አሉ።

ሳሚ እማዬን አውቋታል። አባባን ግን አላወቃቸውም ነበር።

የቁም ሳጥኑን በር ፈትቼ አስቀረሁት። ገዢው መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ ከጎን ቆሜ እጄን እያወዛወዝኩ አስገባሁት። ሳላስበው በአማርኛ «በቃ!» ብዬ ጮኽኩ። ቆመ። ከሁለቱም በኩል አልነካም።

ቅዳሜ ዕለት ሚዛኑን ይዤ ከእማዬ ጋር እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄድን። «አንተ ያዝልኝ፣ ልጄ፣ እኔ አልችለውም» አሉኝ። ሻንጣውን አንጠልጥዬ አየሁት፤ ሃያ አንድ ኪሎ ይላል። እማዬ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋ፣ አንድ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ስንት ነው?» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ።

«ሃያ ሦስት። ሞልቷል» አልኩ።

ከዚያ ዞር ብዬ፣ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ዚፑ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ደጁን አየሁ።