ከወንድሜ በኋላ የቀባሁት ሞተር

ወንድሜ የሞተው ሰበታ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ሞተር ለቀለም ሲያዘጋጅ ነው። ሞኖብሎኩን፣ ፒስተኖቹ የሚገቡበትን ትልቁን ብረት፣ በቤንዚን አጠበው። በጨርቅ ወለወለው። ቀለሙ እንዲይዝ በጋዝ እሳት ሊያሞቀው ተጠጋ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቤንዚን ቀርቶ ነበር። ቱታውም ቤንዚን ጠጥቶ ነበር። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እኔ አሁንም እዚያው ሰበታ፣ እዚያው ጋራዥ ነኝ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ሌላ ሥራ አላገኘሁም። ማታ ስገባ እናቴ ከሰላምታ በፊት እጄን ታሸታለች። ቤንዚን ከሸተታት እራት አትበላም።

በክረምት ከተፍኪ የመጣ የፒካፕ ሞኖብሎክ ለእኔ ደረሰኝ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አወረድኩ። ያጠብኩት በፍል ውሃና በዱቄት ሳሙና ነው። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በኮምፕሬሰር ነፋሁ። ከዚያ ቆምኩ። በብርዱ ብረቱ አልቦት ነበር። እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። መሞቅ አለበት።

«ጋሼ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ላቆየው?» አልኳቸው የጋራዡን ባለቤት።

«የቱ ፀሐይ? ሐምሌ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩት። «በል ተወው፣ እኔ ላሙቀው።»

እሳቸውስ ቢቃጠሉ? «አይ፣ እኔው ልሥራው» አልኩ።

ግን እሳቱን አላነሳሁም። አጎንብሼ ቀዳዳዎቹን ማሽተት ጀመርኩ። በሳሙና አጥቤው እንኳ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል። ጨርሼ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«አንተ፣ ሽቶ ልትገዛ ነው እንዴ?» አለኝ መኪና ሥር የተኛው መካኒክ። ማንም አልሳቀም። ወዲያው እሱ ራሱ ወጣና እንደኔው አጎንብሶ አሸተተ።

«ሳሙና ነው» አለ። «ጃባዱ። አይዞህ።» በባልዲ አሸዋ አምጥቶ አጠገቤ ቆመ።

የመጀመሪያው ክብሪት እጄ ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው ያዘ። ነበልባሉን ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ ወደ ብረቱ አስጠጋሁ። ከአንዱ ቀዳዳ ጭስስ የሚል ድምፅ ወጣ። ጋዙን ዘግቼ በሩ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

«ውሃ ነው» አለ መካኒኩ ካለበት ሳይንቀሳቀስ። «ጠብታ ውሃ ነው፣ ና።»

ተመለስኩ። ብረቱ ለእጅ ለብ እስኪል አሞቅሁት። እሳቱን አጥፍቼ ጋዙን አርቄ አስቀመጥኩ። ቀለም የማይነካውን በፕላስተር ሸፍኜ ግራጫውን ነፋሁበት። ቀለሙ ያዘ። 

ማታ እናቴ እጄን አሸተተች። ቤንዚን አልነበረም። ገልበጥ አድርጋ አየችው። የእጄ ጀርባ ላይ ያለው ፀጉር ጫፍ ጫፉ ተለብልቧል። እኔ እንኳ አላየሁትም ነበር።

«እሳት ነበር?» አለችኝ።

መዋሸት ፈራሁ። «ነበር፣ እማ።»

 ቀኝ እጄን አልለቀቀችም። እራት ሲቀርብ በግራ እጇ እንደያዘችኝ በቀኟ አጎረሰችኝ። እሷ ግን አልበላችም።