የአደራ ኪቦርድ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ለእናቴ «ለሦስት ሳምንት ነው» ብያታለሁ፤ ለጋሽ አሰግድም እንደዚያው። ከባህል ቡድኑ ጋር ጀርመን ገብቼ፣ ዝግጅታችንን ካቀረብን በኋላ እንደማልመለስ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን እያወቅሁ ነው የሰው ኪቦርድ ተውሼ የሄድኩት። እዚያ ያላችሁ ወዳጆቼ ብዙ ነገር ሰምታችሁብኝ ይሆናል፤ ይህችን ግን ከእኔው አፍ ስሟት።

ጋሽ አሰግድ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ናቸው። ኪቦርዱን አዲስ አበባ ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ዕቃ ጋር በርካሽ ነው ያገኙት። የድሮ ሲንተሳይዘር ነው፤ ሁለት ቁልፍ ብትነኩ እንኳ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። ጋሼ «እንደ ማሲንቆ ነው፣ አንድ በአንድ ነው የሚናገር» ይሉ ነበር። በዚያ ላይ ብርድ አይወድም። የእኛን የማለዳ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት ቅኝቱ ይዛባና ፀሐይ ሞቅ ስትል ይስተካከላል። ጋሼ ከፍተው ከውስጡ ትንሽ አምፖል ገጠሙለት። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ልንጫወት ስንሄድ መጀመሪያ አምፖሉን እናበራና እስኪሞቅ እንጠብቅ ነበር።

ትልቁ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። አንድ ክረምት፣ ሠርግ በሌለበት ጊዜ፣ አያ ሞላ የሚባሉ ማሲንቆ መቺ ከጎረቤላ አስመጡ። አያ ሞላ የሚጫወቱት አንቺ ሆዬ ከማንም አይገጥምም፤ ሁለት ቦታ ላይ ጣታቸው ከሰው ሁሉ ዝቅ ይላል። ጋሼ ሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠዋቸው የኪቦርዱን ቁልፎች ከእሳቸው ጣት ጋር አስማሙ። አያ ሞላ «ትንሽ ዝቅ… አሁንም… እህ! እሷ ናት» ይላሉ፤ ጋሼ ከሞተ ሬዲዮ የነቀሉትን ሬዚስተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ይበይዳሉ። እጃቸው ሲቃጠል አይቻለሁ።

የሄድኩ ዕለት ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አስረከቡኝ። «በላይነህ፣ የአያ ሞላ ጣት ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉኝ። «እመልስልዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ዓይናቸውን ግን አላየሁም።

ጀርመን እንደደረስን የጉምሩኩ ሰውዬ በማሽኑ አይቶ ለብቻዬ አስቆመኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ኪቦርድ።»

«አምፖል ለምን ገባበት?»

«ስለሚበርደው።»

ሰውዬው ጓደኛውን ጠራ። ተጫወትበት አሉኝና ተጫወትኩ። ተያዩ፤ አንደኛው «ካፑት» አለ። በጀርመንኛ መጀመሪያ የተማርኳት ቃል ይህች ናት፤ ተበላሽቷል ማለት ነው። አልተበላሸም፣ የእኛ ዜማ ነው ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «አዎ፣ ካፑት» ብዬ አለፍኩ። ነገሬ የተበላሸው ያኔ ነው።

ቡድኑ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። ወረቀቴ እስኪያልቅ ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም፤ የቢሮ ነገር እዚያም ያው ነው። በመጨረሻ ዲተር የሚባል ጡረተኛ አንድ ክፍል አከራየኝ። «እሑድ ጩኸት ክልክል ነው፤ ሽንኩርት ማቁላላትም ክልክል ነው» አለኝ። ሽንኩርት ምን አጠፋ ብለው «ይጮሃላ!» አለ። ዳቧቸው ይኮመጥጣል፤ እንጀራ እንጀራ የሚል መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። የእኛ ብርድ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያይ ይሄዳል፤ የዚህ አገሩ ግን እንደኔው ተከራይቶ ይኖራል።

ዲተር ምድር ቤቱ ውስጥ የድሮ ሲንተሳይዘሮችን ያድሳል። የእኔን ሲያይ ደስታው ወሰን አጣ፤ በነጻ ላሻሽልልህ አለና ከፈተው። ከውስጡ የወጣውን አስቡት፦ አምፖል፣ ፕላስተር፣ የብስኩት ወረቀት፣ ሽቦ የተጣበቀበት የጧፍ ሰም። ዲተር እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ማነው ይህን የሠራው? ሕፃን ልጅ ነው?»

ፊቴ ጋለ። «እኔ እንጃ፤ ስገዛው እንዲህ ነበር» አልኩት።

ይህችን ከጻፍኩ በኋላ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ብዙ ተንቆራጠጥኩ። ቁራሽ አብልተው ሙያ ያስተማሩኝን ሰው በአንድ ሳቅ ካድኳቸው። ዲተር ክፉ ሰው አይደለም፤ የነቀላቸውን ሬዚስተሮችና አምፖሉን በሰሃን አድርጎ «ልጣላቸው?» ብሎ ጠይቆኛል። «ጣላቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። አዲስ ቁልፎች ገጠመለት፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ ጨመረለት፤ ብርድ እንዳይነካው አድርጎ ቅኝቱን ከፋብሪካ እንደወጣ መለሰው። ያሳፍራል እንጂ አልዋሻችሁም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጋሽ አሰግድ ደወሉ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ኪቦርዴስ ብለውኝ አያውቁም።

«በላይነህ፣ አያ ሞላ እኮ ዐረፉ። አርባቸው ወጣ።»

«ነፍስ ይማር፣ ጋሼ።»

«ልጃቸው ማሲንቋቸውን ወርሷል። የአባቱን አንቺ ሆዬ ግን ጣቱ እምቢ አለው፤ የተቀዳም የለ። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል። እስቲ ያን ኪቦርድ አጫውትልን፣ እየሰማ ይያዘው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መጫወት ጀመርኩ። በወዲያ በኩል ማሲንቆው ቀስ ብሎ ተከተለኝ፤ የአያ ሞላ ጣት ዝቅ የሚልባቸው ሁለቱ ቁልፎች ላይ ስደርስ ቆመ። እኔም ቆምኩ።

«በላይነህ» አሉ ጋሼ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«አምፖሉን ረስተኸው ነው እንጂ እሷ እንዲህ አትልም። የዚያ አገር ብርድ ደግሞ የባሰ ነው አሉ። አብራውና ይሙቅ። አትቸኩል ልጄ፣ እንጠብቃለን።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

በስልኩ ውስጥ የአያ ሞላ ልጅ የማሲንቆውን ጭራ ሲወጥር ይሰማኛል። እኔ የአምፖሉ ማብሪያ የነበረበትን፣ ዲተር አሳምሮ የደፈነውን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩ።